የፍሬን የጎማ ቱቦ፤ ለቆዩ መኪናዎች ስለ ማስመጣትና ስለ መሸጥ

መኪና የሚገዛ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ሞተሩ ኃይልና ስለ ቤንዚኑ ወጪ ነው። ይሁን እንጂ ሞተር ሲበላሽ መኪናው ባለበት ይቆማል፤ ፍሬን ሲበላሽ ግን መቆም ያቅተዋል። ከፍሬኑም ክፍሎች መካከል በመጠን ትንሽ፣ በዋጋ ዝቅተኛ፣ በባለሱቁም ዘንድ ብዙ ትኩረት የማይሰጠው የጎማ ቱቦው ነው። ርዝመቱ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ክንድ አያልፍም፤ ከብሎንና ከልዩ ልዩ ጥቃቅን ዕቃ ጋር ተደባልቆ በመደርደሪያ ጥግ ሲቀመጥ ይታያል።

ስለዚህ ዕቃ ንግድ ጥቂት ማስገንዘብ ያስፈለገበት ምክንያት፣ ገዢው በሱቁ ደጃፍ ቆሞ ጥሩውን ከመጥፎው በዓይኑ ብቻ ለመለየት ስለማይችል ነው። ሁለት ቱቦዎች ሲታዩ አንድ ዓይነት ሆነው፣ አንዱ ለብዙ ጊዜ ሲያገለግል ሌላው በአንድ ቁልቁለት ላይ ሊከዳ ይችላል። ስለዚህ የነጂውና የተሳፋሪው ደኅንነት መወሰን የሚጀምረው ከመካኒኩ እጅ በፊት፣ በአስመጪው የትእዛዝ ወረቀትና በባለሱቁ መደርደሪያ ላይ ነው።

የቱቦው ሥራ

በዘይት ግፊት የሚሠራ ፍሬን ባለው መኪና፣ ነጂው ፔዳሉን ሲረግጥ ዋናው ሲሊንደር የፍሬኑን ዘይት በቀጭን የብረት ቱቦዎች ወደ አራቱ መንኰራኵሮች ይገፋዋል። የብረት ቱቦው በመኪናው አካል ላይ የታሰረ ስለ ሆነ አይንቀሳቀስም፤ መንኰራኵሩ ግን እንደ መንገዱ ጉድጓድና ጉብታ ከፍና ዝቅ ይላል፤ የፊቱም በመሪው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይዞራል። በማይንቀሳቀሰውና በሚንቀሳቀሰው መካከል ግፊቱን የሚያሻግረው ይኸው የጎማ ቱቦ ነው። አሠራሩም ንብርብር ነው፤ ከውስጥ ዘይቱ የሚያልፍበት ጎማ፣ ከመካከል ግፊቱን የሚችል የተጎነጎነ ክር፣ ከውጭ ደግሞ ክሩን ከውሃ፣ ከድንጋይና ከፀሐይ የሚጠብቅ ጎማ አለ።

ጉዳዩ በኢትዮጵያ ከበፊቱ ይልቅ እየከበደ መጥቷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገሉና ዕድሜያቸው በገፋ መኪናዎች ላይ ታክሱን ከፍ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር ሌሎች የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። ስለዚህ የቤንዚን መኪና ያለው ሰው ያለውን እየጠገነ ለማቆየት ይገደዳል። በአገራችን ቮልስ እየተባለች የምትጠራው ቮልስዋገን ቢትል በአውሮጳ አቆጣጠር በ2003 ዓ.ም. በሜክሲኮ አገር በፑዌብላ ፋብሪካ ሥራዋ ቢያበቃም፣ በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ ዛሬም ትታያለች። መኪናው ሲያረጅ የጎማ ቱቦውም አብሮ ያረጃል።

የእርጅናው ምልክት

የውጭው እርጅና በቀላሉ ይታወቃል። ቱቦው ሲታጠፍ ስንጥቅጥቅ ይላል፤ ፔዳሉ ሲረገጥ በአንድ ቦታ ያብጣል፤ በመገጣጠሚያው ዙሪያ ይረጥባል፤ ወይም ከመንኰራኵሩ ጋር እየታሸ ይላጣል። እነዚህ ሁሉ ቱቦውን ወዲያውኑ ለመለወጥ በቂ ምክንያቶች ናቸው።

አስቸጋሪው የውስጡ እርጅና ነው። ከውጭ ሲታይ ደኅና መስሎ፣ የውስጡ ጎማ አብጦ ወይም ተልጦ መንገዱን ያጠበዋል። የተላጠው ቍራጭ ወደ አንድ ወገን ብቻ እንደሚከፈት በር ይሆንና፣ በፔዳሉ ኃይል የተገፋውን ዘይት አሳልፎ፣ እግር ሲነሣ መመለሻ ይከለክለዋል። በዚያን ጊዜ ፍሬኑ እንደ ያዘ ይቀራል፤ መንኰራኵሩ ይግላል፤ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይስባል። መካኒኩ ሸራውን፣ ቀጥሎም የመንኰራኵሩን ሲሊንደር ይለውጣል፤ ባለመኪናውም ለሁለቱም ከፍሎ ችግሩ አይለቀውም። እንዲህ ያለ ደንበኛ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ፣ ስለ ቱቦው የሚጠይቀው ባለሱቅ ገንዘቡንና ምናልባትም ሕይወቱን ያተርፍለታል።

ስለ ትእዛዝ አጻጻፍ

በብዙ ሱቆች የተለመደው አሠራር፣ ገዢው የተበላሸውን ቱቦ ናሙና አድርጎ ማምጣት ነው። ልማዱ ጠቃሚ ቢሆንም ብቻውን አይበቃም፤ ምክንያቱም የመጣው ናሙና ራሱ ከዓመታት በፊት በስሕተት የተገጠመ ሊሆን ይችላል። ያጠረ ቱቦ መሪው እስከ መጨረሻው ሲዞርና መንኰራኵሩ ወደ ታች ሲንጠለጠል ይወጠራል፤ የረዘመም ከጎማው ጋር ይታሻል።

የመኪናውም ስም ብቻውን ትእዛዝ አይሆንም። ቢትልን ለምሳሌ ብንወስድ፣ ወደ ውጭ አገር ይላክ የነበረው ዓይነት በገመድ የሚሠራ ፍሬኑን ትቶ የዘይት ፍሬን የያዘው በአውሮጳ አቆጣጠር በ1950 ዓ.ም. ነው። በ1965 የፊቱ አክስል አሠራር ተለወጠ፤ በ1966 በአንዳንዶቹ ላይ የፊት ዲስክ ፍሬን መጣ፤ በ1970 ደግሞ የፊት እገዳው ፈጽሞ የተለየ 1302 የተባለው ሞዴል ወጣ። ስለዚህ «የቮልስ የፊት ቱቦ» ብሎ የሚያዝ አስመጪ የትኛውን እንደሚያገኝ አያውቅም። በወረቀቱ ላይ የተሠራችበት ዓመት፣ የሻንሲ ቁጥር፣ ፊት ወይም ኋላ መሆኑ፣ ታምቡር ወይም ዲስክ መሆኑና የፋብሪካው የመለዋወጫ ቁጥር ሊጻፍ ይገባል።

ከዚህ የሚከተለው የመገጣጠሚያው ጥርስ ነው። የጀርመንና የጃፓን መኪናዎች በብዛት የሚጠቀሙት ውፍረቱ 10 ሚሊ ሜትር፣ በጥርስና በጥርስ መካከል 1 ሚሊ ሜትር የሆነውን ነው። በቆዩ የእንግሊዝ መኪናዎች ላይ በብዛት የሚገኘው ግን ውፍረቱ 3/8 ኢንች፣ ይኸውም 9.5 ሚሊ ሜትር ያህል ሆኖ በአንድ ኢንች 24 ጥርስ ያለው ነው። ልዩነቱ ከግማሽ ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ስለ ሆነ ቀጭኑ በሰፊው ውስጥ ሊገባና የያዘ ሊመስል ይችላል፤ ዳሩ ግን የሚነክሰው ጥቂት በመሆኑ በግፊት ጊዜ ጥርሱ ይላጣል። ጥርሱም ቢስማማ የብረት ቱቦው ጫፍ አከፋፈት ይለያያል፤ በጃፓን መኪናዎች የተለመደው ጫፉ ሁለት ጊዜ ታጥፎ እንደ ጥሩንባ የተከፈተ ነው፤ በጀርመን መኪናዎች ደግሞ እንደ አረፋ የተነፋ ነው። አንዱን በሌላው መቀመጫ ላይ አጥብቆ ማሰር ዘይት እንዲያፈስ መጋበዝ ነው።

ለጉምሩክ ሥራም አንድ ነጥብ ይጠቅማል። በዓለም አቀፉ የዕቃዎች አመዳደብ አንቀጽ 40.09 ከጎማ የተሠሩ ቱቦዎችን መገጣጠሚያ ቢኖራቸውም ባይኖራቸውም ያጠቃልላል። ስለዚህ የጎማ ቱቦውን ከሸራና ከሲሊንደር ጋር «የፍሬን ዕቃ» በሚል አንድ መስመር ከመጻፍ ይልቅ፣ በፕሮፎርማው ላይ ለብቻው መዘርዘር በኋላ ከሚነሣ ክርክር ያድናል።

በቱቦው ላይ የሚነበበው

የአሜሪካ የመኪና ደኅንነት ደንብ ቁጥር 106 ለዚህ ዕቃ የተለየ ሥርዓት አውጥቷል። በዚህ ደንብ መሠረት የተሠራ ቱቦ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታ በቀር፣ በተቃራኒ ጎኖቹ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄዱ ሁለት መስመሮች አሉት። መስመሮቹ ለጌጥ የተደረጉ አይደሉም፤ ቱቦው ሲገጠም ከተጠመዘዘ መስመሩ ስለሚጣመም መካኒኩ ወዲያው ያያል። ከዚህም ጋር ዲ ኦ ቲ የሚሉት ፊደላት፣ የሠሪው ምልክት፣ የተሠራበት ወርና ዓመት፣ የውስጥ ስፋቱ፣ እንዲሁም ኤች አር ወይም ኤች ኤል የሚል ይጻፍበታል። ኤች አር በግፊት ጊዜ መጠነኛ የመስፋት ጠባይ ያለው ነው፤ ኤች ኤል ደግሞ ከዚያ ያነሰ የሚሰፋ ነው።

ፈተናውም ቀላል አይደለም። የውስጥ ስፋቱ ከ3 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ቱቦ በካሬ ሳንቲ ሜትር 280 ኪሎ ያህል ግፊት ለሁለት ደቂቃ ከቻለ በኋላ፣ ግፊቱ ወደ 490 ኪሎ ሳይደርስ መፈንዳት የለበትም። ሲሳብ 147 ኪሎ ያህል መቻል አለበት፤ በሚያወዛውዝ መኪና ላይ ታስሮም 35 ሰዓት ሳያቋርጥ መሥራት አለበት።

ይሁን እንጂ ዲ ኦ ቲ የሚለውን ጽሑፍ የሚያትመው በራሱ ኃላፊነት ፋብሪካው እንጂ መንግሥት አስቀድሞ መርምሮ አይደለም። ስለ ሆነም ጽሑፉ መኖሩ ብቻ አያጠግብም፤ የሠሪው ምልክት በሣጥኑ ላይ ካለው ጋር መስማማቱን፣ ቀኑ መነበቡን፣ የጫፉ ብረት በእኩል መጨመቁን አስመጪው ዕቃው ሲገባ እያነሣ ሊመለከት ይገባዋል።

ስለ አቀማመጥና ስለ ሽያጭ

በዚህ ንግድ «አዲስ» እና «ያልተሠራበት» የሚሉት ቃላት አንድ አይደሉም። ጎማ በሣጥን ውስጥ ተቀምጦም ያረጃል። ከጠፋ ፋብሪካ የተረፈ፣ የታሸገ የዱሮ ዕቃ ለመስተዋት ወይም ለመያዣ ብረት ቢሆን መልካም ግዢ ነው፤ ለፍሬን ቱቦ ግን አይደለም። ባለሱቁ ቱቦውን ከፀሐይ፣ ከሙቀት፣ ከሞተር ዘይትና ከናፍጣ አርቆ፣ ሳያጥፍና በምስማር ላይ ሳይሰቅል ያስቀምጠው፤ ቀድሞ የተሠራውንም ቀድሞ ይሽጠው።

ሲሸጥም ለግራና ለቀኝ ጥንድ አድርጎ መሸጥ ይገባል፤ አንዱ ካረጀ አብሮት የኖረው ጓደኛው አይዘገይምና። የመዳብ ማጠንከሪያ ቀለበት ያለው ከሆነ ቀለበቱም አብሮ ይለወጥ። አየሩ ከዘይቱ ውስጥ መውጣት እንዳለበትና ለመኪናው ከታዘዘው የፍሬን ዘይት ሌላ መጨመር እንደማይገባ ለገዢው ማስታወስ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። የተሰነጠቀውን ቱቦ በጎማ ጠቅልሎ ወይም በሽቦ አስሮ ለማቆየት የሚፈልግ ቢመጣ፣ ሽያጩ ቢቀር እንኳ ጥገናው እንደማይሆን በግልጽ ሊነገረው ይገባል።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ እዚህ ላይ የተዘረዘረው ሁሉ ትልቅ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። በደረሰኙ ላይ የመለዋወጫውን ቁጥርና የተሠራበትን ወር መጻፍ ቀለም እንጂ ገንዘብ አይፈጅም። ዕቃው ጉድለት ቢገኝበት ባለሱቁ ወደ አስመጪው፣ አስመጪውም ወደ ላከው ፋብሪካ ተከታትሎ ለመሄድ የሚችለው በዚሁ ጽሑፍ ነው፤ የቀሩትንም ቱቦዎች ከመደርደሪያው አውርዶ ለገዙት ሁሉ አስቀድሞ ማስጠንቀቅ የሚቻለው በዚሁ ነው።