ውሃን በቤት ውስጥ በቁጠባ ስለ መያዝ

የቀደሙት ሊቃውንት የሰው ሥጋ ከአራቱ ባሕርያት፥ ይኸውም ከመሬትና ከውሃ፥ ከነፋስና ከእሳት የተገኘ ነው እያሉ ያስተምሩ ነበር። የዛሬውም የጤና ትምህርት ከአዋቂ ሰው ክብደት ከግማሽ የሚበልጠው ውሃ መሆኑን በመለኪያ አረጋግጧል። ሰው እህል አጥቶ ብዙ ቀን ሲሰነብት ውሃ ቢያጣ ግን ከጥቂት ቀን በላይ የማይቆየው ስለዚህ ነው። ውሃ ይህን ያህል የሚያስፈልግ ሲሆን፥ እህሉ በቁና ተሰፍሮ ገንዘቡም ተቆጥሮ በሚወጣበት ቤት ውሃው ብቻ ሳይለካ ይፈሳል።

ኢትዮጵያ የብዙ ወንዞች መነሻ ስለ ሆነች የውሃ ማማ ትባላለች፤ ከዚህም የተነሣ ውሃ አያልቅም የሚል ሐሳብ በብዙ ሰው ልብ አድሯል። ነገር ግን በደጋው አገር የሚበዛው ዝናም ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ወርዶ፥ ዐፈሩን ጠርጎ በወንዝ ይሄዳል። በጋ ሲገባ ምንጩ ይቀጥናል፤ ጉድጓዱም ወደ ታች ይርቃል። እንዲሁም በምድር ላይ ካለው ውሃ ሁሉ ከመቶው 97 እጅ ያህሉ ጨው ያለበት የባሕር ውሃ ነው፤ ከቀረውም የሚበዛው በረዶ ሆኖ የተጋገረ ስለ ሆነ፥ ለሰው የሚደርሰው እጅግ ጥቂት ነው።

ውሃ የሚያልቅ ለመሆኑ የሐሮማያ ሐይቅ ምስክር ነው። ይህ ሐይቅ በምሥራቅ ኢትዮጵያ የሚገኝ፥ ለሐረር ከተማ ብዙ ዘመን የመጠጥ ውሃ ይሰጥ የነበረ፥ ዓሣም ይጠመድበት የነበረ ነው። ነገር ግን ለከተማውና ለመስኖው በየቀኑ ሲሳብ፥ ከተራራው የሚታጠበውም ዐፈር መኝታውን ሲሞላው፥ እየጎደለ ሄዶ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ደረቀ። የሐረርም ሕዝብ ውሃ ከሩቅ እስኪመጣለት ድረስ ብዙ ተቸገረ። በቅርብ ዓመታት ውሃው ተመልሶ መታየት ጀምሯል። ሐይቁ ግን በአንድ ሰው እጅ አልደረቀም፤ እያንዳንዱ የኔ ጥቂት ነው ሲል ደረቀ እንጂ።

የገጠር ቤት ውሃ ዋጋው በገንዘብ ባይሆን በጉልበት ነው። አንድ ሰው ለመጠጥ፥ ለወጥና ለንጽሕና በቀን 20 ሊትር ያህል ያስፈልገዋል። ስድስት ነፍስ ላለበት ቤት ይህ 120 ሊትር ወይም ስድስት ጀሪካን ይሆናል፤ አንዱም ጀሪካን ከ20 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ይህን የሚሸከሙት አብዛኛውን ጊዜ ሴቶችና ልጃገረዶች ናቸው። ወደ ምንጭ ሄዶ ለመመለስ አንድ ሰዓት የሚፈጅ ቢሆን፥ በቀን አንድ ጀሪካን የቆጠበ ቤት በዓመት 365 ሰዓት ያተርፋል። ይህም የትምህርቱ ቀን ስድስት ሰዓት ቢሆን ከ60 የሚበልጥ የትምህርት ቀን ነው። እንግዲህ በከንቱ የፈሰሰው ውሃ የልጅቱ ትምህርት መሆኑን አባትና እናት ሊያስተውሉት ይገባል።

የመቆጠቡ ሥራ ብዙ ጥበብ አይፈልግም። አንደኛ፥ እንስራውና ጋኑ ስንጥቅ እንዳይኖርበት መመርመር፥ አፉንም መክደን፥ ውሃውንም እጅ በማያስነካ ባለ እጀታ ጭልፋ መቅዳት ነው። ሁለተኛ፥ ዕቃና ልብስ በሚፈስ ውሃ ሳይሆን በሳፋ ማጠብ፥ አትክልት የታጠበበትንም ውሃ ለጓሮ ጎመን ማጠጣት ነው። ሳሙና ያለበት ውሃ ግን ከጉድጓድና ከምንጭ ርቆ ይደፋ። ሦስተኛ፥ ቧንቧ ያለበት ቦታ የሚያንጠባጥበውን ወዲያው ማሠራት ነው። በአንድ ሰከንድ አንድ ጠብታ የሚጥል ቧንቧ በቀን ከ4 ሊትር፥ በዓመትም ከ1,500 ሊትር በላይ ያፈስሳል፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው በጥፋትም እንዲሁ ነው።

አራተኛ፥ ከቆርቆሮ ጣራ የሚወርደውን ዝናም በአሸንዳ ሰብስቦ ማጠራቀም ነው። ርዝመቱ 8፥ ወርዱ 5 ሜትር በሆነ ጣራ ላይ 10 ሚሊሜትር ዝናም ቢወርድ 400 ሊትር፥ ይኸውም 20 ጀሪካን ነው፤ ጥቂቱ ቢባክን እንኳ የሚተርፈው ብዙ ነው። የመጀመሪያው ውሃ የጣራውን አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚያጥብ ይደፋ፤ በርሜሉም የወባ ትንኝ እንዳይራባበት ይከደን። ለመጠጥ የሚሆነውም ይፈላ ወይም በውሃ ማከሚያ መድኃኒት ይታከም።

ነገር ግን መቆጠብ ማለት ንጽሕናን መተው አይደለም። ከመጸዳጃ ሲመለሱና ምግብ ሲነኩ እጅን በሳሙና የመታጠቢያው ውሃ፥ የሕፃንና የሕመምተኛም መጠጥ ፈጽሞ አይቀነስም። ሁለት ጣሳ ውሃ አተርፋለሁ ብሎ ተቅማጥ ወደ ቤቱ ያስገባ ሰው ያተረፈው ኪሳራ ነው።

ስለዚህ አስተማሪ ተማሮቹን ከሚያንጠባጥብ ቧንቧ በታች ጣሳ አስቀምጠው በአንድ ሰዓት የሞላውን እንዲለኩ፥ በ24ም እንዲያበዙት ያድርግ፤ ሒሳቡንና ቁጠባውን ባንድነት ይማሩበታል። የአገር ሽማግሌዎችም ምንጩ በአጥር እንዲከበር፥ ከብት የሚጠጣበት ገንዳ ከምንጩ ዐይን በታች ራቅ ብሎ እንዲሠራ፥ ከምንጩ በላይ ያለውም ዛፍ እንዳይቆረጥ ሕዝቡን ይምከሩ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነውና፥ ባንድ ቤት የተቆጠበው ጥቂት ሆኖ ቢታይም፥ መንደሩ ሁሉ ሲተባበርበት ምንጩ እስከሚቀጥለው ክረምት ይደርሳል፤ ለሚመጣውም ትውልድ ይተርፋል።