ጡት ሲጠባ የሚያልበው ሕፃን

ጤነኛ ሕፃን ጡት ሲይዝ ያርፋል። የልብ ችግር ይዞ የተወለደው ግን ጥቂት ስቦ ይለቃል፤ ትንፋሹ ይፈጥናል፣ ግንባሩን ላብ ያጠምቀዋል፣ ሳይጠግብ ድካም ያስተኛዋል። ይህን ከሐኪምም ቀድማ የምታየው እናት ናት።

በዓለም ላይ ከሚወለዱ 1000 ሕፃናት 8 ያህሉ የልብ ችግር አብሯቸው ይወለዳል። በብዛት የሚታየው በሁለቱ የታችኛው የልብ ክፍሎች መካከል የሚቀር ቀዳዳ ነው። ትንሽ ከሆነ ከጊዜ በኋላ በራሱ ሊደፈን ይችላል። ሰፊ ሲሆን ግን ደም ወደ ሳንባ ከመጠን በላይ ይፈስሳል፤ ልጁ አይፋፋም፣ የሳንባ ምች ይመላለስበታል። ቤተሰብ «ብርድ መትቶት ነው» እያለ ወራት ያልፋሉ። ከንፈርና ምላስን የሚያጠቁር ሌላ ዓይነትም አለ። እንዲህ ያለው ልጅ ጥቂት ሮጦ ቁጢጥ ይላል፤ ማንም ሳያስተምረው ትንፋሹ የሚመለስበትን መንገድ አግኝቷል። ድንገት ጠቁሮ ትንፋሽ ካጠረው ጉልበቱን ወደ ደረቱ አጥፎ ይዞ በፍጥነት ወደ ሆስፒታል መውሰድ ነው።

በሶማሌ ክልል ፋፈን ዞን፣ ቱሊ ጉሌድ ላለ ቤተሰብ ሆስፒታል ማለት መጀመሪያ ጅግጅጋ ነው፤ እዚያ ካራማራ ሆስፒታልና ሼክ ሐሰን ያባሬ ሪፈራል ሆስፒታል አሉ። ቀዶ ሕክምና ካስፈለገ መንገዱ ወደ አዲስ አበባ ይቀጥላል፤ ከጅግጅጋ ብቻ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የሕፃናት ልብ ሐኪሙ ዶክተር በላይ አበጋዝ እ.ኤ.አ. በ1989 የልብ ሕሙማን ሕፃናትን የሚረዳ ማኅበር መሥርተው ለዓመታት ሕፃናትን ለሕክምና ወደ ውጭ ሲልኩ ቆይተዋል። በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ሕክምና ማዕከል የተከፈተው በ2009 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬም በሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት ወረፋ ይጠብቃሉ። ሶማሊኛ ብቻ ለምትናገር እናት ደግሞ አስተርጓሚና ማደሪያ ማግኘት ራሱን የቻለ ፈተና ነው፤ ብዙ ሶማሌዎች በሚኖሩበት የአዲስ አበባው ቦሌ ሚካኤል ሰፈር ዘመድ ያለው ዕድለኛ ነው።

«ሲያድግ ይተወዋል» የሚለው ማጽናኛ እዚህ ላይ አደገኛ ነው። ቀዳዳው ሰፊ ሆኖ ዓመታት ካለፉ የሳንባ የደም ሥሮች ይደድራሉ፤ ያኔ ወረፋው ቢደርስም ቀዶ ሕክምና ማድረግ አይቻልም። ስለዚህ ቀጠሮ መዝለል፣ መድኃኒት ማቋረጥ ዋጋው ከባድ ነው።

ወረፋ መጠበቁም ሥራ አለው። ጡት ጥቂት ጥቂት፣ ግን ቶሎ ቶሎ ይሰጣል። ክትባት አይታለፍም፤ ጥርስ በየቀኑ ይጸዳል፣ ከአፍ የሚነሣ ተሕዋስ በደም ገብቶ የታመመውን ልብ ሊይዝ ይችላልና። እንጥል ማስቆረጥና ደረትን በጋለ ብረት መተኮስ ለእነዚህ ልጆች ፈጽሞ አይሆንም፤ ቁስሉ የኢንፌክሽን በር ነው። ከንፈሩ የሚጠቁር ልጅ ሲያስቀምጠው ወይም ሲያስመልሰው ደሙ ስለሚወፍር ሳይውል ሳያድር ሐኪም ሊያየው ይገባል።

በፍርሃት ልጁን ከቤት አለማውጣት ግን ሌላ ጉዳት ነው። ሐኪም ካልከለከለው ከእኩዮቹ ጋር ይጫወት፤ ሲደክመው ራሱ ይቀመጣል። ትምህርት ቤት ሲገባ ለመምህሩ ችግሩን አስቀድሞ መንገር፣ «ደከመኝ» ሲልም ሰነፍ ሳይባል እንዲያርፍ ማስፈቀድ የወላጅ ድርሻ ነው። ቀዶ ሕክምናው ከተሳካ በኋላም ቢሆን የልብ ሐኪም ቀጠሮው አይቋረጥም።