በቀቀናችሁ በምን ዓይነት እንጨት ላይ ቆማለች?

ልጆቻችሁ ብዙ ለምነዋችሁ በቀቀን ገዝታችሁ ይሆናል። ወይም ወደ ውጭ አገር የሄደ ዘመድ «አደራ» ብሎ ከነሽቦ ቤቷ ትቶላችሁ ይሆናል። ወፏ ሳሎን ጥግ ተሰቅላለች። እህሉ አለ፤ ውኃውም አለ። የመጀመሪያው ሰሞን ለቤቱ ሁሉ ደስታ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ወፏ ዝም ማለት ጀመረች። እግሮቿን ቶሎ ቶሎ ትቀያይራለች። ከደረቷም ላይ ላባዋን እየነቀለች ትጥላለች። ትንሿ ልጃችሁ ወለል ላይ የወደቀውን ላባ ለቅማ ታመጣና «እማዬ፣ ራሷን ለምን ትጎዳለች?» ብላ ትጠይቃለች።

ለዚህ ጥያቄ ከአንድ በላይ መልስ አለ። ላባ መንቀል የቆዳ በሽታ፣ የምግብ ጉድለት ወይም ሌላ የውስጥ ሕመም ምልክት ሊሆን ስለሚችል፣ የመጀመሪያው እርምጃ ወፏን ለእንስሳት ሐኪም ማሳየት ነው። ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ ማንም ልብ የማይለው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የቆመችበት እንጨት ነው። እስቲ ወደ ሽቦው ቤት ጠጋ ብላችሁ እዩ። ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ውፍረት ያለው፣ እንደ መጥረጊያ እጀታ የለሰለሰ እንጨት ወይም ፕላስቲክ ነው ያለው? እንግዲያው ወፏ ቀንም ሌትም የምትቆመው በዚያው ላይ ነው። የምትቆረጥመውም ምንም ነገር የላትም ማለት ነው።

በቀቀን ለምን ዓይነት ኑሮ እንደተፈጠረች ለመረዳት ግን ከሽቦው ቤት ወጥተን ወደ ዱሯ መሄድ ይኖርብናል።

ወደ ብልባላ እንሂድ

በቀቀን የሩቅ አገር ወፍ ብቻ የምትመስለን ብዙዎች ነን። አይደለችም። የእኛው ደጋ የራሱ በቀቀኖች አሉት። ከእነዚህ አንዷ ክንፈ ጥቁሯ «ላቭበርድ» ናት። የምትኖረው በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋማ ቦታዎች ብቻ ነው። ቁመቷ 16 ወይም 17 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን አብዛኛው አካሏ አረንጓዴ ነው። ወንዱ በግንባሩ ላይ ባለው ቀይ ላባ ከሴቷ ይለያል። የሳይንስ ስሟም «ታራንታ» ከተባለው የኤርትራ ተራራ ስም የተወሰደ ነው። አዲስ አበባ ዛፍ በበዛባቸው ግቢዎች ውስጥ ጠዋት ጠዋት እየጮኹ በቡድን ሲያልፉ አይታችሁ ይሆናል። ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር የማትገኘው ቢጫ ግንባር ያላት በቀቀንም የዚሁ ደጋ ልጅ ናት።

እነዚህ ወፎች የሚወዱት ዓይነት ዛፍ በላስታ የት እንዳለ ለማየት ከላሊበላ ወደ ሰሜን፣ በሰቆጣ መንገድ ወደ ብልባላ መሄድ ነው። አካባቢው የታወቀው ከአለት በተፈለፈሉት በብልባላ ጊዮርጊስና በብልባላ ጨርቆስ ነው። መንገዱን የሄደ ሰው እንደሚያውቀው ተራራው በአብዛኛው የታረሰ ወይም የተራቆተ ነው። ዛፍ ተሰብስቦ የሚገኘው በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ነው። በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ፣ በዋሻ ውስጥ እንጨትና ድንጋይ እያፈራረቁ የሠሩት የይምርሃነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በትልልቅ ጥዶች የተከበበ ነው። ጥድ፣ ወይራና ሾላ እስከ ዛሬ የቆዩት በእንዲህ ያለ ቦታ ነው።

ክንፈ ጥቁሯ በቀቀን የጥድ ፍሬና የሾላ ፍሬ ትበላለች፤ ሌሊትም በዛፍ ፍንጭት ውስጥ ታድራለች። ፍሬ ስትፈልግ ከወፍራም ቅርንጫፍ ወደ ቀጭን፣ ከቀጥታው ወደ ጠማማው፣ ከሻካራው ወደ ለስላሳው ትሸጋገራለች። ሁለቱ የእግር ጣቶቿ ወደ ፊት፣ ሁለቱ ደግሞ ወደ ኋላ የዞሩ ስለሆኑ ቅርንጫፍን ጥብቅ አድርጎ መጨበጥ ያስችሏታል። በእያንዳንዱ እርምጃ እግሯ የሚያርፍበት ቦታ ይለዋወጣል። ምንቃሯም ሥራ አይፈታም፤ ቅርፊት ይልጣል፣ ፍሬ ይሰብራል፣ ጭራሮ ይሰነጥቃል።

ሳሎን ውስጥ ያለችው ወፍም የተፈጠረችው ለዚሁ ኑሮ ነው። ዓመቱን ሙሉ በአንድ ለስላሳ ዱላ ላይ ስትቆም ክብደቷ ሁልጊዜ በእግሯ መዳፍ አንድ ቦታ ላይ ያርፋል። ቆዳው መጀመሪያ ይቀላል፣ ከዚያ ይሳሳል፣ በመጨረሻም ይቆስላል። ቁስሉ ካመረቀዘ እስከ አጥንት ሊዘልቅና ሕይወቷን ሊያሳጣት ይችላል። ምንቃሯ ደግሞ እንደ ጥፍር ዕድሜ ልኩን ያድጋል። የሚቆረጠም ነገር ካላገኘች፣ ያ ሁሉ ጉልበት ወደ ገዛ ላባዋ ሊዞር ይችላል።

ጥዱን ግን አታምጡላት

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉ። «የደጋዋ በቀቀን የጥድ ፍሬ የምትበላ ከሆነ፣ እኔም የጥድ ቅርንጫፍ ቆርጬ ላምጣላት» ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሁለት ችግር አለበት።

አንደኛው የወፏ ጤና ነው። የዱሯ ወፍ ከጥዱ ላይ ፍሬ ለቅማ፣ በነፋስ መካከል ወደ ሌላ ዛፍ ትበርራለች። የቤቷ ወፍ ግን በተዘጋ ክፍል ውስጥ፣ ሙጫውንና ኃይለኛ ሽታውን ከሚያወጣ የተቆረጠ እንጨት ጋር ሌት ተቀን ትውላለች። የወፍ ሳንባ በጣም ስስ ነው። ስለዚህ ወፍ የሚያረቡ ባለሙያዎች ጥድን፣ የፈረንጅ ጥድንና ሌሎች ሽታቸው የሚከብድ ሙጫማ እንጨቶችን በሽቦ ቤት ውስጥ እንዳናስገባ ይመክራሉ። በነገራችን ላይ በዚሁ ምክንያት የሽቦው ቤት ከወጥ ቤት፣ ከከሰል ጢስና ከቡና ሥርዓቱ ዕጣን ራቅ ቢል ጥሩ ነው።

ሁለተኛው የዛፉ ጉዳይ ነው። በብልባላ ዙሪያ ያለች አንዲት ጥድ ወይም አንዲት ወይራ የቆመችው ሰዎች ለብዙ ዘመን እጃቸውን ስለ ሰበሰቡላት ነው። የደጋው በቀቀኖች ምግብና ማደሪያ በእንዲህ ያሉ ዛፎች ላይ ነው። ለአንዲት የቤት ወፍ ብለን የዱሮቹን ወፎች ቤት መቁረጥ አይገባንም።

የትኛውን እንጨት እንምረጥ?

ደስ የሚለው ነገር፣ ተስማሚ የሆነው እንጨት ሩቅ አይደለም። ምናልባትም በጎረቤታችሁ ግቢ ይገኛል።

ባሕር ዛፍ በየቦታው ያለና ለበቀቀን የሚስማማ ነው። በቀቀኖች በብዛት ከሚኖሩባት ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ ስለሆነም ብዙ ወፍ ያዦች ይመርጡታል። የዘይቱን ዛፍ ቅርንጫፍ ጠንካራና ጠማማ በመሆኑ ለእግር በጣም ጥሩ ነው። የፖም ቅርንጫፍም ይሆናል፤ የፖም ፍሬ ስትሰጧት ግን ዘሩን አውጡ። አኻያ ለስላሳ ስለሆነ ለመላጥና ለመቆርጠም ይመቻታል። የወይን ሐረግና ቀርከሃም ጥሩ ናቸው። ወይራ ጠንካራና ለብዙ ጊዜ የሚቆይ ነው፤ ግቢያችሁ ውስጥ ከተከላችሁት ወይራ ሲከረከም የወደቀውን ተጠቀሙ።

ፈጽሞ የማይገቡትን ደግሞ እወቁ። የአቮካዶ ፍሬ፣ ቅጠልና ቅርፊት ለወፍ መርዝ ነው፤ ሰው የሚበላው መሆኑ አያታልላችሁ። ቁልቋልና ቅንጭብ ነጭ ወተታቸው ያቃጥላል። ብሳና፣ ጉሎና እንዶድም አይሆኑም። በየግቢውና በየመንገዱ ዳር ለጌጥ የሚተከለው፣ ሮዝና ነጭ አበባ ያለው «ኦሊያንደር» የተባለው ቁጥቋጦ እጅግ መርዛም ነው። የኮክ ቅርፊትና ቅጠልም መርዝነት ስላላቸው ይቅሩባችሁ። ቀለም ወይም ቫርኒሽ የተቀባ እንጨት፣ ኮምፖንሳቶና ቺፑድም ሙጫና ኬሚካል ስላለባቸው ለሚቆረጥም ምንቃር አይሆኑም።

ከሁሉ የሚበልጠው ደንብ ይህ ነው፦ ስሙን የማታውቁትን እንጨት አታስገቡ። ብልባላም ሆነ ደሴ፣ አዲስ አበባም ሆነ ሌላ ቦታ፣ ዛፉን በስሙ የሚያውቅ አንድ አባት ወይም አንዲት እናት አይጠፉም። ጠይቋቸው። ዛፉ ፀረ ተባይ የተረጨበት ወይም የመኪና ጢስ የሚጠጣ የመንገድ ዳር ዛፍ አለመሆኑንም አረጋግጡ።

ውፍረቱና አዘገጃጀቱ

ወፏ ቅርንጫፉን ስትጨብጥ ጣቶቿ ዙሪያውን ሁለት ሦስተኛ ያህል ቢይዙ ልክ ነው። የፊትና የኋላ ጣቶቿ ተገናኝተው ከተነባበሩ እንጨቱ ቀጥኗል። እግሯ ጠፍጥፎ ከተዘረጋ ደግሞ ወፍሯል። ለትንሿ ቡጂ ከ1 እስከ 1 ሳንቲ ሜትር ተኩል፣ ለላቭበርድ እስከ 2 ሳንቲ ሜትር፣ ለግራጫዋ የአፍሪካ በቀቀን ደግሞ ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ውፍረት መነሻ ይሁናችሁ። አንድ ብቻ ሳይሆን ሦስት ዓይነት ውፍረት ያላቸው ቅርንጫፎች ቢኖሩ እግሯ ያርፋል። ጥፍሯ ይሞረድ ተብሎ ብርጭቆ ወረቀት የተጠቀለለበትን መቆሚያ አትግዙ፤ የሚሞርደው መዳፏን ነው።

ቅርፊቱን አትላጡት፤ መላጥ የእርሷ ሥራ ነው። ቅርንጫፉን በውኃና በብሩሽ ፈትጋችሁ እጠቡ። ከዚያ የፈላ ውኃ አፍስሱበትና ለብዙ ቀናት በጠራራ ፀሐይ አድርቁት። ምድጃ ያላችሁ በ100 ዲግሪ ሙቀት አካባቢ ለግማሽ ሰዓት ያህል ልታቆዩት ትችላላችሁ፤ እንዳይቃጠል ግን ከአጠገቡ አትራቁ። በበረኪና ማጽዳት የፈለገ ሰው አንዱን እጅ በረኪና በአሥር እጅ ውኃ አቅጥኖ ይጠቀም፤ ሽታው ፈጽሞ እስኪጠፋ ድረስም ያለቅልቀው፣ ያድርቀውም።

ስትሰቅሉት በማይዝግ ብሎንና ሮንዴላ እሰሩት። ዚንክ የተነከረ ሽቦ አትጠቀሙ፤ ወፏ እየላሰችው በዚንክ ልትመረዝ ትችላለችና። አንዱን ቅርንጫፍ ለመኝታዋ ከፍ አድርጉት፤ በቀቀን ከፍ ያለ ቦታ ማደር ትወዳለች። በአንድ እግሯ ቆማ ስታንቀላፋ ብታዩም አትደንግጡ፤ ያ የዕረፍት አቋሟ ነው። ከምግቧና ከውኃዋ በላይ ግን ምንም ቅርንጫፍ አታድርጉ፤ ኩሷ ይወድቅበታል።

ለመቆርጠም የሚሆነው

መጫወቻ ለመግዛት ገንዘብ ማውጣት የግድ አይደለም። ደርቆ የተፈለፈለ፣ ሻጋታ የሌለው የበቆሎ ቆረቆንዳ ስጧት። የዘንባባ ቅጠል ጠቅልላችሁ በመካከሉ ጥቂት እህል ደብቁና ትፈልገው። እናቶቻችን ለመሶብ የሚያዘጋጁት ስንደዶና አክርማ ቀለም ሳይነካው ቢሰጣት ስትሰነጥቅ ትውላለች። ጽሑፍና ሙጫ የሌለበት ካርቶንም ይሆናል። ክርና ገመድ ግን ተጠንቀቁ፤ ሲፈታ እግሯን አስሮ ደም ሊያግድ ይችላል።

አዲሱን ቅርንጫፍ ስታስገቡ የለመደችውን በአንድ ጊዜ አታውጡባት፤ አንዳንድ ወፍ አዲስ ነገር ትፈራለች። አዲሱን ከአሮጌው አጠገብ አድርጉና ለጥቂት ቀናት ታገሡ። ቆርጥማ ስትጨርሰው ደግሞ «አበላሸችው» አትበሉ። ሥራዋን ሠርታለችና ሌላ አምጡላት።

ከዱር አትያዙ

በመጨረሻ አንድ አደራ አለን። የደጋው በቀቀን ቆንጆ ስለሆነች ልጆች «አንዷን እንያዛት» ማለታቸው አይቀርም። ይህ አይገባም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541 የዱር እንስሳትን ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል። ግራጫዋ የአፍሪካ በቀቀን ከዱር እየተያዘች በመሸጧ ቁጥሯ እጅግ አሽቆልቁሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የዓለም አገሮች ከዱር የተያዘችው ለንግድ ከአገር አገር እንዳትዘዋወር ወስነዋል። የቤት ወፍ መያዝ ከፈለጋችሁ በቤት የተፈለፈለችውን ያዙ። የዱሯን ደግሞ በዛፏ ላይ እንዳለች ለልጆቻችሁ አሳዩ።

እንግዲህ ወደ ልጃችሁ ጥያቄ እንመለስ። ወፏን ሐኪም ካያት በኋላ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጃችሁን ይዛችሁ ወደ ጎረቤት ዘይቱን ዛፍ ሂዱ፤ አስፈቅዳችሁም አንድ ቅርንጫፍ ቁረጡ። ልጅቱ ራሷ ትጠበው፣ ራሷ ፀሐይ ላይ ታስጣው፣ ለወፏም የዛፉን ስም ትንገራት። ከሳምንታት በኋላ ወለሉ ላይ በላባ ፈንታ የቅርፊት ፍቅፋቂ ወድቆ ብታገኙ አትቆጡ። መጥረጊያውን አንሥታችሁ በደስታ ጥረጉት።