የአስታማሚዋ ደቂቃ

በአገራችን ልማድ ጧሪ ቀባሪ ማለት ከአብራክ የተከፈለ ልጅ፣ ልጅ ቢታጣም የቅርብ ዘመድ ነው፤ በአሜሪካ ግን ይህን አገልግሎት ነርሲንግ ሆም በሚባለው መጦሪያ ቤት በደመወዝ የሚፈጽሙት ባዕዳን ሲሆኑ፣ ከእነርሱም መካከል በዋሽንግተን ዙሪያ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ፣ በሚኒሶታም ጭምር፣ የገዛ እናታቸውን በአገር ቤት ትተው የሰው እናት የሚያጥቡ እኅቶቻችን ብዙዎች ናቸው። ስለዚህ በዚያ ቤት የሠራተኛዋ ድካምና የአረጋዊው ክብር እንዴት እንደ ተሳሰሩ ማወቅ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም።

ሲ ኤን ኤ የምትባለው ረዳት አስታማሚ እ.ኤ.አ. በ1987 በወጣው የፌዴራል ሕግ መሠረት ቢያንስ የ75 ሰዓት ትምህርት ተምራና ተፈትና ወደ ሥራ ትገባለች። ያው ሕግ፣ አስቀድሞ አረጋውያን በየወንበሩና በየአልጋው እየታሰሩ ይውሉ ነበርና፣ ለሠራተኛ ምቾት ሲባል ሰውን ማሰር ከለከለ። ለአንዲት ረዳት ስንት ሰው እንደሚሰጣት ግን በቁጥር ሳይወስን «በቂ ሠራተኛ ይኑር» ብሎ አለፈው፤ የችግሩም ሥር በእኔ አስተያየት እዚህ ላይ ነው።

በ8 ሰዓት ሺፍት ለአንዲት አስታማሚ አሥራ አምስት አረጋውያን ቢደርሷት፣ 480ው ደቂቃ ሲካፈል ለአንድ ነፍስ 32 ደቂቃ ይሆናል፤ በዚህችም ደቂቃ ማጠብ፣ ማልበስ፣ ዳይፐር መለወጥ፣ ከአልጋ ወደ ተሽከርካሪ ወንበር ማዛወር፣ የሠራችውንም መመዝገብ ይጠበቅባታል። መዋጥ የተሳነውን ሽማግሌ ትን ሳይለው አጉርሶ ለማጥገብ ብቻ እንኳ ግማሽ ሰዓት ያህል ያስፈልጋል።

ጊዜ ሲያጥር ምን እንደሚከተል ለማወቅ የአልጋ ቁስልን መመልከት ይበቃል። ድውዩ ራሱን ማገላበጥ ሲያቅተው የዳሌውና የተረከዙ አጥንት ሥጋውን ከፍራሹ ጋር ይጫነውና ደም እንዳይደርስበት ይከለክላል፤ ደም ያጣውም ሥጋ መጀመሪያ ይቀላል፣ ቀጥሎ ይላጣል፣ ካልደረሱለትም እስከ አጥንት ይዘልቃል። ይህን ሁሉ ሥቃይ ለመከላከል ከቆየው ልማድ ዋነኛው በየሁለት ሰዓቱ ሰውየውን ወደ ሌላ ጎኑ ማዞር ሲሆን፣ ለዚያ የሚያስፈልገው እጅና ጊዜ ነው። በሌሊት ባልደረባዋ የቀረችባት አስታማሚ ግን ለሁለት የሚነሣውን ሰው ብቻዋን ታነሣለች፤ ወገቧም በዚሁ ይጎዳል።

ሥራው ከባድ፣ ክፍያው ትንሽ ሲሆን ሠራተኛ አይረጋም። እ.ኤ.አ. የ2017ንና የ2018ን የሥራ መዝገብ የመረመሩ ሊቃውንት በነዚህ ቤቶች የነርሶችና የረዳቶቻቸው ዓመታዊ መለዋወጥ በአማካይ ከመቶ በመቶ እንዳለፈ አግኝተዋል። አእምሮዋን ያጣች አሮጊት ዝምታዋ የሕመም ይሁን የእንቅልፍ የምታውቅላት አብራት የሰነበተች አስታማሚ ናትና፣ በየወሩ አዲስ እጅ ሲነካት መፍራቷና መጮኋ አይደንቅም። ሥራውን ጽድቅ ነው እያሉ ዋጋውን ማሳነስ ለእኔ ታላቅ በደል ነው።

እ.ኤ.አ. በ2001 ለአሜሪካ መንግሥት የተዘጋጀ ጥናት፣ በቤቱ የሚኖር አረጋዊ በቀን ከረዳት አስታማሚዎች 2.8 ሰዓት፣ ነርሶቹ ሲጨመሩ በጠቅላላው 4.1 ሰዓት ካላገኘ እንክብካቤው እንደሚጓደል አሳይቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት አልፎ በ2024 የወጣው ደንብ በጠቅላላ 3.48 ሰዓት፣ ከዚህም ለረዳቶቹ 2.45 ሰዓት ብቻ ቢወስን፣ የቤቶቹ ባለቤቶች ሠራተኛ አይገኝም ብለው ተከራከሩ፤ በ2025 አንድ የቴክሳስ ፌዴራል ዳኛ ደንቡን ሻረው፣ በዚያው ዓመት የወጣ ሕግም አፈጻጸሙን እስከ 2034 አገደው። በገጠር ሠራተኛ ማግኘት ማስቸገሩ እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ አስታማሚን የሚያሸሽ ደመወዝ እየከፈሉ አስታማሚ ጠፋ ማለት ክርክር ሊሆን አይገባውም።

ወላጃችሁን ወይም ጎረቤታችሁን ልትጠይቁ ወደዚህ ዓይነት ቤት ስትሄዱ አንድ ነገር አድርጉ። በፌዴራል ሕግ እያንዳንዱ ቤት በዚያ ቀን በየሺፍቱ ስንት ነርስና ስንት ረዳት እንደሚሠራ፣ የአረጋውያኑንም ብዛት ጽፎ ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ መለጠፍ አለበት። ያንን ወረቀት አንብቡት፤ የሠራተኛው ቁጥር ያው መሆኑን ለማየት በእሑድ ምሽትም ተመልሳችሁ አንብቡት።