ባለ ገመዱ የጆሮ ማዳመጫና የቤተ ሰብ ቍጠባ

ከነጌሌ ቦረና ጀምሮ እስከ ያቤሎ፥ እስከ ሜጋ፥ እስከ ሞያሌና እስከ ዶሎ ድረስ ባሉት የደቡብ ቆላ ከተሞች ፀሐይ ስትጠልቅ ቤተ ሰብ ኹሉ ከአንድ ጣራ ሥር ይሰበሰባል። አባት የዓለሙን ወሬ ለመስማት ይሻል፤ ተማሪው ልጅ ትምህርቱን ማድመጥ ይፈልጋል፤ እናት ደግሞ ሕፃኑን ታስተኛለች። ስለዚህ የጆሮ ማዳመጫ በዛሬው ቤት የቅንጦት ዕቃ መሆኑ ቀርቶ የሰላም ዕቃ ኾኗል። ነገር ግን ይህ ዕቃ ቶሎ ቶሎ እየተገዛ ቶሎ ቶሎ የሚጣል ከኾነ ከጥቅሙ ይልቅ ጉዳቱ ይበዛል። እኛም ዕድሜው የሚረዝመውና ሲበላሽ የሚጠገነው ባለ ገመድ ማዳመጫ እንዴት እንደሚመረጥ፥ እንዴትስ እንደሚያዝ በዚህ ጽሑፍ ለመግለጽ እንወዳለን።

አስቀድመን ስለ አመጣጡ ጥቂት እንናገር። በአገራችን በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን፥ እ.ኤ.አ. በ1894፥ ሐረርንና አዲስ አበባን የሚያገናኘው የ477 ኪሎ ሜትር የስልክ መሥመር መዘርጋት ጀመረ። በዚያ ዘመን በውጭ አገር የስልክ ማዞሪያ ሠራተኞች መሥመርን ከመሥመር ያገናኙበት የነበረው ወፍራም መሰኪያ ዛሬም በስቱዲዮ ማዳመጫዎች ጫፍ ላይ ይገኛል፤ ውፍረቱም 6.35 ሚሊ ሜትር ነው። በሬድዮና በእጅ ስልክ ላይ የምናየው የ3.5 ሚሊ ሜትሩ መሰኪያ የእርሱ ታናሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1910 ናትናኤል ባልድዊን የተባለ አሜሪካዊ በዩታ ግዛት በወጥ ቤቱ ውስጥ የሠራውን ማዳመጫ ለአገሩ ባሕር ኃይል አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1937 ደግሞ ቤየር የተባለው የጀርመን ፋብሪካ ዲ.ቲ. 48 የሚባለውን አወጣ፤ ይህም ዓይነት ከ70 ዓመት በላይ ሲሠራ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው የዜንሃይዘር ኤች.ዲ. 25 ክፍሎቹ አንድ በአንድ እየተፈቱ የሚተኩ ስለኾነ እስከ ዛሬ ድረስ በድምፅ ባለሙያዎች ዘንድ የተወደደ ነው። እንግዲህ ከእነዚህ የምንማረው፥ ዕቃ ለዘለቄታ ታስቦ ከተሠራ ከባለቤቱ ጋራ ሊያረጅ እንደሚችል ነው።

የማዳመጫው የውስጥ አሠራር ቀላል ነው። አንድ ማግኔት፥ አንድ የቀጭን ሽቦ ጥቅልና አንድ ስስ ሽፋን አለው። ከሬድዮው የሚመጣው ኤሌክትሪክ በጥቅሉ ውስጥ ሲያልፍ ጥቅሉ በማግኔቱ ኃይል ወዲህና ወዲያ ይንቀሳቀሳል፤ ሽፋኑም አብሮት እየተንቀጠቀጠ አየሩን ይገፋል፤ ጆሯችንም ይህን ድምፅ ብሎ ይቀበለዋል። ይህ ክፍል ከመጠን በላይ ካልተጮኸበት ብዙ ዘመን ይኖራል። ፈጥነው የሚሞቱት ግን ገመዱ፥ መሰኪያውና የጆሮው ትራስ ናቸው።

በተለይም ቆላ አገር ለእነዚህ ይከብዳቸዋል። ሙቀትና ላብ የትራሱን ሰው ሠራሽ ቆዳ ይልጣሉ፥ በውስጡ ያለውንም ስፖንጅ ያፈራርሳሉ፤ አቧራም በመሰኪያው ቀዳዳ ገብቶ ድምፁን ያቈራርጣል። ገመድ አልባው ማዳመጫ ከዚህ ኹሉ ሌላ በውስጡ ባትሪ አለው። ባትሪው በተሞላ ቍጥር ጥቂት በጥቂት ይደክማል፥ በሙቀትም ይብሱን ያረጃል። በትንንሾቹ ውስጥ ባትሪው ብዙ ጊዜ በሙጫ ታሽጎ ስለሚቀመጥ፥ ባትሪው የሞተ ዕለት ዕቃው በሙሉ ይሞታል። ባለ ገመዱ ግን ኃይሉን ከሬድዮው ወይም ከስልኩ ስለሚቀበል ለብቻው ባትሪ አያሻውም።

ስለዚህ ገዢው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት አራት ነገር ይጠይቅ። አንደኛ፥ ገመዱ ከማዳመጫው ተነቅሎ በሌላ ይተካልን? ኹለተኛ፥ የጆሮው ትራስ ወልቆ ይለወጣልን? ሦስተኛ፥ አካሉ የተያያዘው በብሎን ነውን ወይስ በሙጫ? አራተኛ፥ ያለን ስልክ ወይም ሬድዮ ሊያሰማው ይችላልን? በአካሉ ላይ 32 ኦም ወይም ወደዚያ የተጠጋ ቍጥር የተጻፈበት ለእጅ ስልክ ይስማማል፤ 250 ወይም 600 ኦም የኾነው ግን ብዙውን ጊዜ የድምፅ ማጉያ መሣሪያ ይሻል። ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ብዙ ስልኮች ያለ ማዳመጫ ቀዳዳ ስለሚሠሩ፥ እንዲህ ያለ ስልክ የያዘ ሰው ትንሿን ማገናኛ አብሮ መግዛት አለበት። በታዋቂ ፋብሪካ ስም የተሠራ አስመሳይ ዕቃም በየገበያው ስላለ፥ ዋጋው ከልክ በላይ የረከሰውን መጠርጠር ይገባል።

ማዳመጫው በአንድ ጆሮ ዝም ቢል ወዲያው አይጣል። በመጀመሪያ በሌላ ሬድዮ ላይ ይሞከር፤ በዚያ ደኅና ከኾነ ጥፋቱ የሬድዮው ነው። ቀጥሎም ገመዱን በመሰኪያው አጠገብ ቀስ አድርጎ ማጠፍ ነው፤ ድምፁ መጣ ሄደ ካለ ሽቦው በዚያ ሥፍራ ተበጥሷል ማለት ነው። የሬድዮና የስልክ ጠጋኝ የተበላሸውን ጫፍ ቈርጦ አዲስ መሰኪያ ይበይድበታል። የመሰኪያው ጫፍ የግራ ጆሮ፥ መካከሉ የቀኝ ጆሮ፥ ሥሩ የኹለቱ የጋራ መመለሻ ነው። ቀጫጭኑ ሽቦ በቀለም የተቀባ ከኾነ ቀለሙ ሳይነሣ ብየዳው አይዝም። ባለቤቱም በበኩሉ ገመዱን በስልኩ ላይ አጥብቆ ከመጠምጠም ይልቅ ላላ አድርጎ ይጠቅልል፤ ሲነቅልም ገመዱን ሳይኾን መሰኪያውን ይያዝ፤ ላቡን በደረቅ ጨርቅ ይጥረግ፤ ፀሐይ በሚመታው መኪና ውስጥም አይተወው። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ነው።

ሒሳቡንም እንመልከት። ለምሳሌ ያህል አንድ ቤተ ሰብ በ400 ብር የሚገዛ ማዳመጫ በዓመት 3 ጊዜ ቢለውጥ፥ በ10 ዓመት ውስጥ 12,000 ብር ያወጣል። 5,000 ብር የሚያወጣ ጠንካራ ማዳመጫ ገዝቶ በዚያው ዘመን ለትራስ፥ ለገመድና ለጠጋኝ 3,000 ብር ቢጨምር ግን ወጪው 8,000 ብር ብቻ ይኾናል። እርግጥ ነው፥ 5,000 ብር በአንድ ጊዜ ማውጣት ለኹሉ አይቻልም፤ መለዋወጫውንም ከነጌሌ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሚርቀው ከአዲስ አበባ ማስመጣት ሊያስፈልግ ይችላል። ስለዚህ የሚገዛ ሰው ትርፍ ትራስና ትርፍ ገመድ በዚያው ጊዜ ቢይዝ ይበጀዋል።

ጥገናን መናቅ ምን ያህል እንደሚያስከፍል የነጌሌ ቦረና ታሪክ ራሱ ይመሰክራል። በጥር ወር 1966 ዓ.ም. በዚያ የሰፈረው የ4ኛው ብርጌድ ወታደሮች የውሃ መሳቢያቸው ቢበላሽባቸው ከመኰንኖቹ ጕድጓድ እንዳይቀዱ ተከለከሉ። በምግባቸውም ተማርረው ስለ ነበር አለቆቻቸውን አሰሩ፤ ነገሩን እንዲያጣሩ የተላኩትንም ጄኔራል ወታደሩ የሚበላውንና የሚጠጣውን እንዲቀምሱ አስገደዷቸው። ይህም አድማ በዚያው ዓመት ለተነሣው አብዮት ከመጀመሪያዎቹ ምልክቶች እንደ አንዱ ይቈጠራል። ነገሩ ኹሉ የመጣው ከአንድ መሳቢያ ነው አንልም፤ ነገር ግን ሳይጠገን የቀረ ትንሽ ዕቃ የታመቀ ቅሬታ መውጫ በር ይኾናል። በዚያው አገር ቦረናዎች ጥልቅ የኾኑትን የቱላ ጕድጓዶች ለብዙ ትውልድ ጠብቀው አኑረዋል፤ ጕድጓዱ ሲደረመስ በማኅበር ያወጡታል፤ ከብቱ የሚጠጣበትንም ተራ አባ ሄሬጋ የተባለው ኀላፊ ያስከብራል። አንዱ ምሳሌ ያስጠነቅቃል፤ ኹለተኛው ያስተምራል።

በመጨረሻም ከዕቃው ይልቅ ጆሮ እንዲበልጥ አይዘንጋ። ማዳመጫ ቢሰበር ይጠገናል፤ በጩኸት የተጐዳ የጆሮ ውስጥ ሕዋስ ግን ተመልሶ አይበቅልም። የዓለም የጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው 80 ዴሲቤል በሳምንት እስከ 40 ሰዓት፥ ለልጆች ደግሞ 75 ዴሲቤል ለዚያው ያህል ሰዓት እንዳይታለፍ ይመክራል። ይህን መለካት ለማይችል ቤት፥ ከድምፁ መጠን ከ100 እጅ 60ውን አለማለፍና በየጊዜው ጆሮን ማሳረፍ መልካም ልማድ ነው። እንግዲህ ወላጆች ለልጆቻቸው ማዳመጫ ሲሰጡ አያያዙንና ልኩን አብረው ያስተምሯቸው፤ በትንሹ ዕቃ መጠንቀቅን የለመደ ልጅ ነገ በእጁ ለሚሰጠው ለትልቁ የመንግሥትና የወገን ንብረትም ይጠነቀቃልና።