ጥሬው ከአገር ቤት፣ ጠርሙሱ ከባሕር ማዶ
የወንድ ሽቶ ገበያ ከደምበጫ ሲታይ

ጠንከር ያለ፣ እንጨት እንጨት የሚል የወንድ ሽቶ በአውራ ጎዳና ዳር ባሉ የጎጃም ከተሞች የሱቅ ዕቃ ከሆነ ቆይቷል። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር በሚዘልቀው መንገድ ላይ የምትገኘው ደምበጫም ከእነዚሁ ከተሞች አንዷ ናት። ገዢው መምህሩ፣ የባንክ ሠራተኛው፣ ሾፌሩ፣ በቆሎና በርበሬ የሚያሻግረው ነጋዴ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሙሽራው ነው። እህል ተወቅቶ ገንዘብ እጅ የሚገባበትና ሠርግ የሚበዛበት ጥር ሲደርስ የሽቶ ፍላጎት አብሮ ከፍ ይላል።

ሽቶው ግን ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው። በመርካቶ የጅምላ መደብር አልፎ ደምበጫ እስኪደርስ በየእጁ ትርፍ ይጨመርበታል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም ወዲህ በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ግጭት መንገዱ በሚዘጋባቸው ቀናት ደግሞ የማጓጓዣውና የመዘግየቱ ወጪ ይታከላል። እንዲህ ተወድዶ የሚመጣው ዕቃ ከሚሠራባቸው ጥሬ ዕቃዎች ከፊሎቹ ግን ለደምበጫ ሩቅ አይደሉም።

የእንጨቱ ሽታ ከየት ይመጣል?

የሽቶ ቀማሚዎች "የእንጨት ጠረን" የሚሉት በዋናነት ከሰንደል፣ ከሴዳር፣ ከኡድና ከቬቲቨር ሣር ሥር የሚገኘውን ነው። ለጎጃም አፍንጫ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ሰንደል በየቤቱ ይጨሳል፤ የጠላው ጋንና የወተቱ ዕቃ በወይራ ይታጠናል፤ ቀበርቾም በገበያ ይሸጣል። ቬቲቨር በኢትዮጵያ በይበልጥ የሚታወቀው በአፈር ጥበቃ ሲሆን፣ አገር ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በጅማ በኩል ነው። የአገራችን ጥድም የሴዳር ዘይት ይወጣዋል። በንግድ "የኬንያ ሴዳር" ይባል የነበረው ዘይት የተጠመቀው ከዚሁ የጥድ ዝርያ ነው።

የእንጨት ጠረን ያላቸው ቅመሞች ከባድ ስለሆኑ ቀስ ብለው ይተናሉ። የሎሚና የብርቱካን ሽታ በደቂቃዎች ሲጠፋ የእንጨቱ ሽታ ለሰዓታት ይቆያል። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍታ በላይ ባለችው ደምበጫ የማለዳው ብርድ ቀላል ሽቶን ስለሚያፍን፣ ገዢው ከበድ ያለውን መምረጡ ያለምክንያት አይደለም። የሱፍ ኮትም ጠረኑን ይይዛል።

የዝባድ መንገድ

ጎጃም የሽቶ ንግድን ከዛሬው ሱቅ አስቀድሞ ያውቃል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከእናርያ የሚነሣው ነጋዴ አባይን ተሻግሮ፣ ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ በየጁቤ አካባቢ ከነበረው ታላቁ የባሶ ገበያ ይደርስ ነበር። ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ቡናና ባሪያ በሚሸጥበት በዚሁ ገበያ በቀንድ የታሸገ ዝባድም ይለወጥ ነበር። ዕቃው ከዚያ ወደ ጎንደርና ወደ ምጽዋ ይቀጥላል። ጎጃም የመተላለፊያ ትርፍ አገኘ እንጂ ቅመማውን አልያዘውም።

ዝባድ ለነጋዴ ትምህርት የሚሆነውም በዚህ ነው። ጥሪኝ ከምትባለው እንስሳ የሚፋቀው ይህ ቅባት የሌላውን ሽታ አስሮ የማቆየት ኃይል ስላለው፣ ኢትዮጵያ ለዓለም የሽቶ ፋብሪካዎች ለረጅም ዘመን ዋናዋ አቅራቢ ነበረች። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1926 ሩዚችካ የተባለው ኬሚስት የዝባዱን ዋና ንጥረ ነገር አወቃቀር ከገለጸ በኋላ ሰው ሠራሹ ምትክ እያደገ መጣ። ሻኔል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1998 የተፈጥሮ ዝባድን መጠቀም አቆመ። የዓለም የእንስሳት ጥበቃ ማኅበር ዘገባ በጠባብ ጎጆ ስለሚታሰሩት ጥሪኞች ሥቃይ ሲገልጥ የገበያው ስም ይበልጥ ተጎዳ። ጥሬውን ብቻ የሚሸጥ አገር፣ ገዢው ምትክ ያገኘ ዕለት የሚደራደርበት ነገር አይኖረውም።

ታክሱና ምንዛሪው

ሽቶ በኢትዮጵያ ሕግ የቅንጦት ዕቃ ነው። የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 307/1995 በሽቶ ላይ 100 በመቶ ጥሎ ነበር። በዚያ ስሌት፣ 100 ብር የሚገመት ሽቶ የጉምሩክ ቀረጥና ሌላው ወጪ ባይኖርበት እንኳ ኤክሳይስ ሲታከልበት 200 ብር፣ 15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ ሲጨመርበት ደግሞ 230 ብር ይሆናል። የአስመጪው፣ የጅምላ ሻጩና የቸርቻሪው ትርፍ የሚሰላው ከዚህ በኋላ ነው። አዋጁ በ2012 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 1186 ቢተካም ሽቶ ከኤክሳይስ አልወጣም።

በጥቅምት 2015 ዓ.ም መንግሥት የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው ካገዳቸው 38 የዕቃ ዓይነቶች መካከል ሽቶ አንዱ ነበር። እገዳው የተነሣው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ይፋ በሆነው የምንዛሪ ማሻሻያ ነው። ይሁንና በሩ ሲከፈት ዋጋው አብሮ ወጣ። በባንክ ከ57 ብር ትንሽ ከፍ ይል የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። አስመጪው ዕቃውን በሕጋዊ መንገድ ለማስገባት ቢችልም ለአንዱ ካርቶን የሚያስፈልገው ካፒታል ሁለት እጥፍ ገደማ ሆነ ማለት ነው።

ታክስ ሲከብድ ኮንትሮባንድና አስመስሎ የተሠራ ዕቃ ቦታ ያገኛል። ጠንቃቃ ነጋዴ በካርቶኑና በጠርሙሱ ግርጌ ያሉት የምርት ቁጥሮች አንድ መሆናቸውን፣ መርጫው በደቃቁ መርጨቱን፣ ክዳኑ መግጠሙን ያያል። ሽቶ ፀሐይ ስለሚያበላሸው የመስታወት መደርደሪያ ላይ ለማሳያ ባዶ ካርቶኑን አስቀምጦ ጠርሙሱን ጨለማ ቦታ ማኖር ኪሳራ ይቀንሳል።

ጠርሙሱ ውስጥ ያለው

"ኦ ደ ቷሌት" ተብሎ የሚሸጠው ሽቶ ቅመሙ በአብዛኛው ከ5 እስከ 15 በመቶ፣ "ኦ ደ ፓርፈም" የሚባለው ደግሞ ከ15 እስከ 20 በመቶ ነው። የቀረው በዋናነት አልኮል ነው። ከጎጃም ትይዩ ከአባይ ማዶ ያለው የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ኤታኖል ሲያመርት፣ ከ2001 ዓ.ም ጀምሮም በአዲስ አበባ ከቤንዚን ጋር ሲደባለቅ ቆይቷል። በሰሜን ምዕራብ በኩል ደግሞ መተማና ቋራ የዕጣን አገር ናቸው። ዕጣን ከእንጨት ጠረን ጋር እየተዋሐደ በወንድ ሽቶ ውስጥ ይገባል። በካርታ ላይ ሲታይ ደምበጫ በአልኮሉና በዕጣኑ መካከል ተቀምጣለች።

ይህ ማለት ግን ነገ ፋብሪካ ይተከላል ማለት አይደለም። የሽቶ አልኮል ከነዳጅ አልኮል በላይ መጣራት አለበት፤ ጠርሙስና መርጫ ከውጭ ይገባል፤ ዛሬ ስም ያላቸው የወንድ ሽቶዎች የእንጨት ጠረን በብዛት ሰው ሠራሽ ነው። ለአገር ውስጥ ባለሀብት የሚቀርበው እርከን ዕጣኑን አጥምቆ በዘይት መልክ መሸጥ ነው። ዘይት ከጥሬ ዕጣን ያነሰ ክብደት ይዞ የተሻለ ዋጋ ስለሚያወጣ የመንገድ ወጪ ይቆጥባል።

የዕጣን ዛፉም ጊዜ አይሰጥም። እ.ኤ.አ. በ2019 ኔቸር ሰስቴይነቢሊቲ በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት ከኢትዮጵያ፣ ከኤርትራና ከሱዳን በተሰበሰበ መረጃ መሠረት፣ አሮጌውን የሚተካ ችግኝ ባለመኖሩ የዕጣን ምርት በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል አስጠንቅቋል። ምክንያቶቹ ከልክ ያለፈ መድማት፣ ቃጠሎና የከብት ግጦሽ ናቸው። በመጥመቂያ ላይ ገንዘቡን የሚያውል ሰው ዛፉንም በሒሳቡ ውስጥ ማስገባት አለበት።

እስከዚያው ደምበጫ ላይ ያለው ገዢ በእጁ ያለውን ቢያውቅበት ይጠቀማል። ከባድ ሽቶ አንገትና ደረት ላይ ሁለት ጊዜ ቢረጭ ይበቃል፤ በተጨናነቀ አውቶቡስ ሦስተኛው ለጎረቤት ቅጣት ነው። ነጭ ጋቢ ላይ ከተረጨ እድፍ ይተዋል። ከመግዛት በፊትም ቆዳ ላይ ቀብቶ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ይገባል። ሱቅ ውስጥ መጀመሪያ የሚሸተው ሎሚው ነው፤ ገንዘቡ የሚከፈለው ግን ማታ ድረስ ለሚቆየው እንጨት ነው።