የቆዳ ሥራ ጀማሪዎችና የሚገጥማቸው ችግር

በ2011 እና በ2012 ዓ.ም. የጥሬ ቆዳ ዋጋ እጅግ በመውረዱ፣ በበዓል ማግሥት ቆዳና ሌጦ በየሜዳው ተጥሎ እስከ መታየት ደርሶ ነበር። ስለዚህ በነቀምቴ፣ በጊምቢና በደምቢ ዶሎ ቀበቶና ቦርሳ መሥራት ለሚጀምር ወጣት፣ ዕቃውንም ተረክቦ ለሚሸጥ ባለሱቅ ሙያው በቸልታ የሚታይ አይደለም። «ፋቂ» የሚለው ቃል ስድብ ሆኖ መኖሩ በንግድ ላይ ያደረሰው ጉዳት ግን ገና ማንም አልቈጠረውም።

የጀማሪ ቀበቶ ከሁሉ አስቀድሞ የሚበላሸው በአቈራረጡ ነው። የሆድ ቆዳ ልል በመሆኑ ጥቂት እንደ ታጠቁት ይለጠጣል፤ ቀበቶ ከጀርባው፣ አከርካሪውን ተከትሎ ሊቈረጥ ይገባዋል። ሁለተኛው ጥፋት በስፌቱ ላይ ይታያል። የወስፌው ቀዳዳ 4 ወይም 5 ሚሊሜትር ያህል ካልተራራቀ ቆዳው እንደ ቴምብር ጠርዝ ይቀደዳል። ክሩም ሰም ይቀባ።

በክሮም የለፋ ቆዳ ጌጥ ቢታተምበት ምልክቱን አይዝም፤ ይህ የሠሪው ስንፍና አይደለም። ቅርጽ የሚይዘው በዕፅ ጭማቂ የለፋው ስለ ሆነ፣ ሠሪው ከመግዛቱ በፊት የቆዳውን አለፋፍ ይጠይቅ።

የወለጋ ክረምት ረጅም ነውና ቆዳ በላስቲክ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ ይሻግታል። የረጠበውንም በእሳት አጠገብ ማድረቅ ያሰነጥቀዋል፤ ነፋስ በሚገባበት ጥላ ይሰቀል። በቢላዋ የተወጋ፣ ወይም ከተገፈፈ በኋላ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ጨው ሳይነሰነስበት ያደረ ቆዳ ግን በማናቸውም ጥበብ አይድንምና ባለሱቁ ባይገዛው ይሻላል።